ከምንጣፍ ሥር ስለከረመው የድጋፍ ሳጥንዎ

ለክቡር የደሴቶች ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመምህራን ድጋፍ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማይቋረጠው ኔትወርክዎ የቫቱሌካ ደሴት ምእመናን ጸሎት እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ወደኛ የሚመጣ ጀልባ ብርቅ ስለሆነ ኮሮናው ራሱ መሳፈሪያ አጥቶ ሊጎበኘን አልቻለም።

አቤቱታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ከራሴ ልጀምር፤ ሰባኪያችን ፊት እንኳ ያልተናገርኩት ነውና። የርቀት ትምህርቱ ዓመት ሲጀመር ለመምህራችን ለላይሳኒ የላኩትን ሳጥን ለወራት ሳይከፈት እንዲቀመጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ የአለቃችን የራቱ ማናሳ ውሳኔ ይመስለዋል። እርሳቸው ግን፣ "ቪሊሞኔ፣ አንተ የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ያዥ ነህ፤ ምን ይሻላል?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ "ስጦታ ያለ ሰጪው አይፈታም። ሹሙ ይምጡ፣ የክብር እጅ መንሻችን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይቅረብላቸው፣ የአቀባበል መጠጣችን ካቫው ይጠጣ፤ ከዚያ ይከፈታል" ያልኩት እኔ ነኝ።

የጀልባው ሰው ሳጥንዎን እንደ ዓሣ ቅርጫት መውረጃው ላይ ጥሎ ሲመለስ ስለ ክብርዎ አዝኜ ነበር። ስለዚህ ሳጥኑ በአለቃው ቤት፣ ከምርጥ ምንጣፎቻችን ሥር ተሸፍኖ እርስዎን ሲጠብቅ ከረመ። እርስዎም መንገድ ተዘግቷልና አልመጡም። ሳጥኑን ስለ ትዕግሥቱ እናመሰግናለን።

አሁን ወደ አቤቱታዬ፤ አቤቱታ ማለቴ ምስጋናዬ ነው።

አንደኛ፦ መምህርና ተማሪ በአካል እንዳይገናኙ ያወጡትን መመሪያ እጅ ነስተን ተቀብለናል። የላይሳኒ ቤትና የተማሪዎቿ ቤት የአንድ ዛፍ ጥላ ይጋራሉ፤ እሁድ እሁድ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ይዘምራሉ። ሰኞ ግን ሕግ ሕግ ነውና፣ እሷ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ትወጣለች፣ ልጆቹም ከኮረብታው ሥር በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለው ትምህርቱን ይጠብቃሉ። ኔትወርኩ እታች የሚደርሰው እንደ ምሕረት አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ላይሳኒ ከላይ ሆና ትጮኻለች። ልጆቹም፣ "ቲቸር፣ ስልኩን ተይውና በዚሁ ቀጥይ! ጉሮሮሽ አይቆራረጥም!" ይሏታል።

ሁለተኛ፦ መምህራን እንዳይጨነቁ አስበው "የመንፈስ ማደሻ" የተባለውን የየጠዋቱን የስልክ ስብሰባ ስላዘጋጁልን እግዜር ይስጥልን። የትምህርት ቤቱን ሶላር ዐውሎ ነፋስ ስለወሰደው፣ ላይሳኒ ስልኳን የምትሞላው በሱቁ ትንሽ ሶላር፣ ያውም ወረፋ ጠብቃ ነው። ያለቻትን ቻርጅ በስብሰባዎ ብትጨርሰው ለልጆቹ አይተርፍም፤ ለልጆቹ ስታውለው ስብሰባው ይቀርባታል። እርስዎም፣ "ድጋፍ ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነችም፤ ዳግም ከቀረች ትዛወራለች" የሚል ርኅራኄ የሞላው ማስጠንቀቂያ ላኩላት። ከእሷ ሌላ መምህር የለንም። እሷ ከሄደች ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ልጆቻችንም ከእናታቸው ተለይተው ወደ ዋናው ደሴት ይጫናሉ።

ያን ማስጠንቀቂያ ይዛ ቤቴ መጣችና፣ "አባባ፣ ደክሞኛል ብዬ እንዳልነግራቸው ለሱም ቻርጅ የለኝም" አለችኝ። ሟች ባለቤቴ መሬኦኒ ፊደል የቆጠረችው እዚያች ትምህርት ቤት ነው። ልጸልይ ተንበረከክሁ፤ ቃል አልመጣልኝም። የመጣልኝ ያ ሳጥን ነው።

ሦስተኛ፦ ስለዚህ እርስዎ በሌሉበት አቀባበል አደረግንልዎ። በክብር ቦታዎ ባዶ ምንጣፍ ዘረጋን። ራቱ ማናሳ ለምንጣፉ ረጅም ንግግር አደረጉለት፣ የዓሣ ነባሪው ጥርስም ቀረበለት። የካቫ ጽዋዎ ሲመጣ ዝም ስላሉ እኔ ጠጣሁልዎ። አጨበጨብን። በሳጥኑ ያለው ባትሪ ነው ያለ አለ፤ ኮምፒዩተር ነው ያለም አለ። ፈታነው።

የኮኮናት ሽታ ያለው ሻማ። በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ኳስ። "ጀግናችን ነሽ" የሚል ኩባያ። ቀሪው ድጋፍ በኢንተርኔት እንደሚገኝ የሚያበስር ወረቀት።

ራቱ ማናሳ ሻማውን አሽትተው፣ "ይሄ ነው ኮኮናት? ምነው፣ ታሞ ነው እንዴ የሞተው?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ላይሳኒም ሳቀች፤ ስቃ ስቃ ግን ኩባያውን አንሥታ ፊቷን ጋረደችበት። ኩባያዎ ያን ጊዜ ጠቅሟል፤ ይመዝገብልዎ።

እኔ አልሳቅሁም። የሹም ክብር ነው እያልኩ ምንጣፍ ሳለብሰው የከረምኩት የራሴን ፍርሃት ኖሯል።

አራተኛውን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ፤ እሱ ያለ ኔትወርክም ይሰማል።

ጥላዎ አይራቀን እያልኩ፣ ጥላዎን እስካሁን አይተነው ባናውቅም ቅዝቃዜው ሁልጊዜ እንደሚደርሰን እያረጋገጥኩ፣ ባዶ ምንጣፍዎን አራግፌ በክብር ያጠፍኩልዎ፣

ታዛዥዎ ቪሊሞኔ ናዋንጋ
ከቫቱሌካ

ድኅረ ቃል፦ ኳሷን ልጆቹ ከኮረብታው ሥር ይራገጧታል፤ ከድጋፍዎ ተማሪ ዘንድ የደረሰች እሷ ብቻ ናት። ላይሳኒ ዛሬ ጠዋት በስብሰባዎ እስከ መጨረሻው ተገኝታለች፤ ርእሱም "ከስልክ ርቆ ማረፍ" ነበር። ከዚያም ልጆቹን እስከ ቀትር አስተማረች። ቻርጁ ከየት መጣ ቢሉ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ማጉያ ባትሪ ነው። ትናንት እሁድ ሰባኪያችን፣ "ቪሊሞኔ፣ በምን ልስበክ?" ቢሉኝ፣ "በጉሮሮዎ፣ አባቴ፤ ላይሳኒስ በምን ስታስተምር ከረመች?" አልኳቸው። ቅዳሜ ዕለት፣ ቁልፉ በእጄ ነውና፣ አለቃም ሰባኪም ሳላስፈቅድ ገብቼ ባትሪውን ፈታሁት፤ በጀርባዬም ተሸክሜ ኮረብታው ላይ አወጣሁላት። ምንጣፍ አላለበስኩትም።