ስልክህ ላይ የቀዳኸው ድምፄ

ልመንህ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ። ጨው አብዝቼበታለሁ፤ አውቄ ነው። ቁልፉን አከራያችን እትዬ መስታወት ጋ ትቼዋለሁ። እናትህ የላኩት በሶ እንዳለ ነው፣ አልነካሁትም። እሺ፣ ትንሽ ነክቻለሁ።

ትናንት ናትናኤል ቤት በር ላይ ቆሜ ሰምቻችኋለሁ። ሳይንስ ሳጠና በስልክህ ቀድተኸኝ ኖሯል፣ ለጓደኞችህ እያሰማህ ትስቃላችሁ። «ዳዊት የሚደግም አይመስልም? ይሄ ከብት ስምንተኛን አያልፍም» አልህ።

ከስድስተኛ አቋርጬ ባጃጅ ስነዳ፣ «አንተ እኮ ትችላለህ፣ ማታ ተመዝገብ» ያለኝ ማን ነበር? አንተን አምኜ ነው የተመዘገብሁት።

ሌላ አጠናን አላውቅም። አገር ቤት፣ እስቴ፣ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ የኔታ ያስለመዱኝ እየጮህሁ መድገም ነው። ድምፄን ካልሰማሁ አይገባኝም። ይሄንንም ያጫወትሁት ላንተ ብቻ ነበር።

ገብቼ ስልኩን ልሰብረው አስቤ ነበር። ግን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ እስከ መጨረሻው አዳመጥሁት። እናንተ ስትስቁ እኔ ደብተሬን በልቤ እየገለጥሁ ራሴን አረምሁ። የደም ዝውውሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንዲት ቃል አልሳትሁም።

ይሄን ስታነብ የስምንተኛ ፈተና ላይ ነኝ። ጥሩውን እስክሪብቶህን ይዤዋለሁ፣ አትፈልገው።

ድምፄን ግን እንዳታጠፋው። ውጤት የመጣ ቀን እነዚያኑ ልጆች ሰብስበህ እንደገና ታሰማቸዋለህ። እኔም መሀላችሁ እቀመጣለሁ።

ይበልጣል