ሳይታሸግ የመጣው ደብዳቤህ

ይድረስ ለወንድሜ ለአምላኩ፤

እንደምን ሰነበትህ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚጠናብህ ሳልስ ለቀቀህ? ባለቤትህ ጸሐይነሽ ደኅና ናት? ቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ከእግሬ እብጠት በቀር ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ። ልጄ ሮዳስም ደኅና ናት።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለህ አትመራመር። እስከ ዛሬ ሰው እያጻፍኩ ነበር የምልክልህ፤ ይህን ግን በገዛ እጄ ጻፍኩት። እዚሁ ዙሪክ ቪዲኮን ሰፈር ባለው ጸሎት ቤታችን ሜሪ የምትባል ልጅ እሑድ እሑድ ሕፃናቱን ፊደል ታስቆጥራለች። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር አልገባ እያለ፣ ከነሱ ጋር ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። ስሳሳት እማማ ደግሞ ሳተች እያሉ ይስቁብኛል። ሮዳስን እንዳትነግርህ አስማልኳት። ለእንቁጣጣሽ በድንገት ላስደስትህ ነበር ሐሳቤ።

ሮዳስ ጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ልትማር መሆኑን ታውቃለህ። ትምህርቱ ሳይጀመር የመጻሕፍት ዝርዝር ላኩላት፤ ግዴታ አይደለም፣ የወደደ ያንብብ የሚል። ካልተፈተንኩበት ምን አደከመኝ ስትል፣ ሳይታዘዝ ያነበበ ነው የሚያውቀው ብዬ አስጀመርኳት። ሐምሌን ሙሉ ከሥራ ስመለስ እሷ የጀርመንኛውን ትርጉም እያነበበች በአማርኛ ትነግረኛለች፣ እኔ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን እንዲህ የሚል ቦታ ደረስን፤ የአንድ ምርጫ ዋጋው ለእሱ ሲባል የተተወው ነገር ነው። ሮዳስ አልገባኝም አለች። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። አባባ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትማራላችሁ ብሎ አንተን እንደመረጠ ነገርኳት። ወንዙን በጀርባዬ አሻግሬህ፣ ከትምህርት ቤት እስክትወጣ እንጨት እየለቀምኩ ማዶ እጠብቅህ እንደነበር ነገርኳት። የተማርኩትን አስተምርሻለሁ ብለህ ሀንና ለን በከሰል ጽፈህልኝ፣ በሦስተኛው ቀን ለሴት ምን ያደርግላታል ብለህ እንደተውከኝም። የተተወችው እኔ ነኝ አልኳት። መጽሐፉ ጠርዝ ላይ ስሜን ጻፈች። አጎቴ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው፣ ደስ ይለዋል ብላ ይህንኑ ደውላ ነገረችህ። የዋህ ናት።

ከዚያ አገር ቤት ደርሶ የተመለሰው ስምዖን ካንተ ዘንድ በርበሬውንና ደብዳቤህን ይዞ መጣ። ለምን አልታሸገም ብዬ ብጠይቀው፣ እናትየው አታነብም፣ ለልጅቷ ትስጣት ብሎኛል አለኝ እየሳቀ። የሰው ደብዳቤ አይነበብም ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሮዳስ ፈረንሳይኛዋን ልታሻሽል ጄኔቭ አጠገብ ካሩዥ ክፍል ተከራይታለችና ቅዳሜ መጣች። የእጅ ጽሕፈትህ ግን አስቸገራት። እዚህ የተወለዱት አማርኛ ይናገራሉ እንጂ ማንበቡ ላይ የሉም። እማ፣ አንቺ አንብቢልኝ ብላ ሰጠችኝ።

መነጽሬን አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እናትሽ የነገረችሽ ኢኮኖሚክስ ሳይሆን ቂም ነው ትላለህ። ፊደል ካልቆጠረ ሰው ጋር መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ጊዜ ማጥፋት ነው፣ የከበደሽን እኔን ጠይቂ፣ እሷን ለሥራዋ ተያት ትላለህ። ሮዳስ በቃ እማ፣ ተይው ብላ ልትቀማኝ እጇን ዘረጋች። ቆይ፣ ገና ሰላምታው ይቀራል አልኳት። እስከ ፊርማህ ድረስ አንድ ፊደል ሳልስት አነበብኩት።

አምላኩ፣ አባባን ከልቤ ይቅር ብየዋለሁ። ድኻ ነበር፤ ከሁለት አንድ መምረጥ ነበረበት። አንተን ግን ማን አስገደደህ? ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመህ ስለተተወው ነገር ስታስተምር፣ አንድ ቀን እንኳ ጀርባዬ ትዝ ብሎህ ያውቃል? ቂም ነው ብለሃል፤ አዎ፣ ቂም ነው። ኢኮኖሚክስም ነው።

ለሮዳስ መጻፍህን አትተው፤ መምህር ነህና ይጠቅማታል። ማሸግ ግን አያስፈልግህም፤ የማነብላት እኔ ነኝ።

ለጸሐይነሽ በርበሬው ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ በልልኝ። ልጅህን ዳዊን ጉንጩን ሳምልኝ። የልጅ ልጅህን ሉሉንም ሳምልኝ፤ ፊደል ጀምራ እንደሆነ በሦስተኛው ቀን እንዳትተዋት።

እህትህ ዝናሽ

አፎልተርን፣ ዙሪክ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.