ከዳዶው ውስጥ የወጣችው ብይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ መካነ ሰላም

ዛሬ የብረት መፋቂያውን ሚሊንግ ማሽን ቦል ስክር፣ ጠረጴዛውን የሚገፋውን ጥርሳም ዘንግ፣ ከነዳዶው ፈታሁት። ጠረጴዛው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ቋ ይል ነበር። ዳዶው ውስጥ ካሉት የብረት ብዮች አንዷ የብስክሌት ሆና ተገኘች። የከተታት ከእኔ በፊት በዚህ ማሽን ይሠራ የነበረው ሰይድ ነው፤ መለዋወጫ ሲጠፋ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። በባሕር ወደ ሳዑዲ ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። ብይዋን በትክክለኛዋ ቀየርኳት፤ ማሽኑም ያለ ኮሽታ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የሰይድ እናት እማማ ዘሀራ ከወርክሾፑ ጀርባ ካለው የጓሮ አጥራቸው ወዲያ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«ኧረ አለ፣ እማማ። ስሠራ ነው የዋልኩት።»

«ቋ ሲል ሰይድ እየሠራ ነው እላለሁ። ዛሬ ግን አልሰማሁትም» አሉ።

 የሰይድ ብይ ኪሴ ውስጥ ናት። ነገም ከአጥሩ ወዲያ ጆሯቸውን ጥለው ይጠብቃሉ።