ከበሩ ላይ የወረወርኩት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ተራራውን ተሻግሬ አመሻሹ ላይ ደሴ ገባሁ። እግሬ አብጧል፤ ድካሙ ግን የእኔ አይመስለኝም። ጉዞውን ያሰበው ባለቤቴ ዳዊት ነበር። እሱ ከሞተ አምስት ወሩ ነው፤ በእሱ ቦታ እኔ ሄድኩ። ማሰሪያው የተበጠሰውን የእጅ ሰዓቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር።

መንገድ መሪያችን ጋሽ ሰይድ ከተራራው ግርጌ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጠጠር አስያዙን፤ እኔ የእኔን ኪሴ ከተትኩት። መንገዱ ተራራውን በሚያልፍበት በር ላይ መንገደኛ ሁሉ የጣለው የድንጋይ ክምር አለ። ብርዱ ጣቶቼን አደንዝዟቸው ነበር።

"ጀርባችሁን ስጡና ሳታዩ ወርውሩ። የከበዳችሁ ነገር እዚሁ ይቀራል" አሉን።

ሌሎቹ እየጸለዩ አለቀሱ። እኔም ከኪሴ አውጥቼ ወረወርኩ። ምንም አልተሰማኝም።

"ቀለለሽ?" አሉኝ ጋሽ ሰይድ ጠጋ ብለው።

"እንጃ ጋሼ።"

"አብሽሪ ልጄ። አላህ ይዘንለት።"

ሰው ሁሉ በርቺ ሲለኝ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ፒያሳ ከሚኒባስ ወርጄ ቤት ገባሁ። ጃኬቴን ስሰቅል አንድ ነገር ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ቋ አለ። ኪሴ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ጠጠሩ እዚያው አለ። ሰዓቱ የለም።

ለጋሽ ሰይድ ልደውል ስልኬን አንስቼ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ጠጠሩን አጥቤ አደረቅኩትና አልጋው ራስጌ፣ ሰዓቱ በሚቀመጥበት ቦታ አኖርኩት።