ያለ ፈቃድ የተለቀሰለት ጎፈሬ

ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.
መርሳ

ለተከበሩ አቶ ወልዴ ይመር
የካንሰር ታካሚ ወጣቶች ማረፊያ ቤት አስተዳዳሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና የአንድ ክፍል ቁልፍ መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ጫማዎ የሚያብረቀርቅ፣ እንቅልፍዎም እኛ የማንረብሸው እንዲሆን እመኛለሁ። የእኛን ጤና በተመለከተ፣ ደሴ ያሉት ሐኪሞች በየወሩ በመርፌ ስለሚጠይቁን እርስዎ አይቸገሩ።

ይህን ደብዳቤ የግቢው በር ቆርቆሮ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን በሕዝብ ፊት ለማሳጣት አይደለም፤ ማስታወቂያ የሚለጠፈው እዚያ እንደሆነ ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ ነው። ስሜ ቡርቱካን ነው፤ የውርጌሳ ልጅ ነኝ፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት መጀመሪያ በሽታው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ ተራ ይዘው ስለመጡብኝ ነውና፣ የፊደል ግድፈት ካገኙ ግማሹን ለአንደኛው፣ ግማሹን ለሌላው ያካፍሉልኝ። በእርስዎ መዝገብ «አልጋ ቁጥር ዘጠኝ» እባላለሁ፤ በጸጉር እድራችን ግን ጸሐፊና አስለቃሽ ነኝ።

በሩ ላይ ቆሞ የሚያነበው የመርሳ ሕዝብ ግራ እንዳይገባው፣ የጸጉር እድር ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ነርሳችን ሲስተር ደብሪቱ ከጦርነቱ በፊት ሥልጠና ሄዳ ስትመለስ፣ ታካሚ ወጣቶች የልባቸውን ጭንቀት በሥዕል፣ በዘፈንና በጨዋታ ማውጣት አለባቸው የሚል ወረቀትና አንድ ሣጥን ቀለም ይዛልን መጣች። ከዚያ ጦርነቱ እዚህ ደረሰ፤ እኛም ተበተንን። ስንመለስ ቀለሙ ከሳህኑና ከፍራሹ ጋር ተዘርፎ አገኘነው። የወሰደው ሰው ምን ሥሎበት ይሆን እያልን እስካሁን እንከራከራለን። የቀረን አፋችን ብቻ ነበር፤ አፍ ደግሞ ወሎ ውስጥ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ስለዚህ መድኃኒቱ የአንዳችንን ጸጉር ባረገፈ ቁጥር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትንሿ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ለጸጉሩ ለቅሶ እንቀመጣለን። ሟች ጸጉር በባዶ የመድኃኒት ካርቶን ይደረጋል፤ ጋቢ ይለብሳል፤ ሙሾ ይወረድለታል። ዳኛችን አቤል ነው። አንድ እግሩን ደሴ ትቶ ስለመጣ ስብሰባ ጥሎ አይሮጥም ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ፤ የመረጠውም መጀመሪያ ራሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዓርብ የተለቀሰው ለሲራክ ጎፈሬ ነበር። ሲራክ ግራና ከምትባለው አቅራቢያችን ካለች ከተማ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ከሰው ሲተዋወቅ ከስሙ በፊት ጎፈሬውን ነበር የሚያሳየው። ከስድስቱ ዙር መድኃኒት የመጀመሪያውን ወስዶ በተመለሰ በሁለት ሳምንቱ ያ ጎፈሬ ትራስ ላይ ቀረ። ሲራክም የሱፍ ቆቡን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ «ሁለተኛውን ዙር አልሄድም፤ ተዉኝ» ብሎ ሦስት ቀን ተኛ። ሲስተር ለመነችው፣ አባቱ በስልክ ለመኑት፣ አልሰማም። በአራተኛው ቀን እኛ ሳንለምነው ከነፍራሹ ጎትተን ወሰድነው፤ እኔም እንዲህ አልኩ፦

ማበጠሪያው ጥርሱን ነክሶ ያለቅሳል፣
ጎፈሬው ሲራክን ጥሎ የት ይደርሳል።

የሲራክ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብለን ስንደነግጥ ለካ እየሳቀ ኖሯል። «ድገሚው» አለኝ፤ ደገምኩት፤ አቤልም በክራንቹ መሬቱን እየመታ ዋይታውን አቀለጠው። በዚያው ቅጽበት ሲራክ «በቃ፣ ለሁለተኛው ዙር የሚሄደው መኪና ላይ ጻፉኝ» ብሎ ነበር። ይህንን ያሰምሩበት ዘንድ እለምናለሁ።

ጥፋታችን ድምፃችን ነበር። በዚህ ዓመት መርሳ ውስጥ ዋይታ የተሰማበት ቤት ሁሉ እውነቱን ነበርና፣ ጎረቤቱ ደንግጦ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። በአገራችን ወግ ደግሞ አስቀድሞ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ከተቀመጡ በኋላ ነው። እማማ የሻረግ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ዘበኛችን ጋሽ ብርሃኑ በሩን ለእግዜር ትቶ ገባ። በመጨረሻም እርስዎ፣ ኮትዎን ሳይቆልፉ፣ ሴቶቹን መሀል ለመሀል ሰንጥቀው፣ ካርቶኑ አጠገብ ተንበረከኩና አለቀሱ። ለወጉ ያህል አልነበረም፤ «እማዬ! እማምዬ!» እያሉ፣ ድምፅዎ እስኪዘጋ ነበር። እኔ አስለቃሽ ነኝና የእውነቱን ከወጉ እለያለሁ። እንባዎን ጠርገው ከተቀመጡ በኋላ ነው፣ በተሰበረ ድምፅ፣ «ለመሆኑ ያረፈው የትኛው ልጅ ነው?» ብለው የጠየቁት። አቤል እኔን አየ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። ሲራክ ቆቡን አውልቆ፣ «ጸጉሬ ነው፣ ጋሼ» አለ።

እማማ የሻረግ «ውይ እናንተ ጉዶች! ንፍሮ እኮ ጥጄ ነው የመጣሁት!» ብለው እንባቸው ሳይደርቅ በሳቅ ወደቁ፤ ንፍሮውም በስሎ መጣና አፉ በመድኃኒት ያልቆሰለ ሁሉ በላ። እርስዎ ግን ተነሥተው ወጡ። ከዚያ በኋላ ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በማግስቱ ጠዋት፣ «በማረፊያ ቤቱ ቅጥር ግቢ አስቀድሞ ፈቃድ ያልተጠየቀበት ለቅሶ ማካሄድ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ስላወጡልን እናመሰግናለን። እስካሁን በድንገት እየመጣ ያስቸገረን ሞት፣ ከእንግዲህ ማመልከቻ አስገብቶ፣ ተራ ይዞ፣ ፊርማዎን ሲጠብቅ ብዙ ዓመት እንደምናገኝ ተስፋ አድርገናል።

፪. የዓርብ ክፍላችንን በጓጉንቸር ቆልፈው፣ ለሥነ ልቦናችን ሲሉ በምትኩ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ «ፈገግታ ግማሽ መድኃኒት ነው» የሚል ወረቀት ስለሰቀሉልን እናመሰግናለን። ሌላውን ግማሽ ደሴ ይሰጡናል። ወረቀቱ የተሰቀለው ማስታወኪያ ሳፋው ከሚቀመጥበት በላይ ስለሆነ፣ አንዱም ታካሚ ሳያነበው አይውልም። ክፍሉ ውስጥ ያስገቧቸው እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችም ደኅና ናቸው፤ አቤል በመስኮት እያየ ይቀናባቸዋል፤ እነሱ አንዱ እግራቸው ቢሰበር ሦስት ይቀራቸዋል።

፫. ሲራክን ቢሮዎ አስጠርተው፣ «በአንተ ጸጉር ምክንያት በሕዝብ ፊት ተዋረድኩ» ስላሉት እናመሰግናለን። የገበሬ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው አዋረድክ ሲሉት እውነት ይመስለዋል። የዚያኑ ዕለት ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ግራና ገባ። ስደውልለት፣ «ቡርቴ፣ እሳቸውን በየትኛው ዓይኔ አያለሁ? እዚሁ ልሁን» ይለኛል። ሲስተር ደብሪቱ እንደነገረችን መድኃኒቱ በአንድ ዙር ከቆመ ዕጢው ተቆጥቶ ይመለሳል፤ ሲመለስም ጎፈሬ ብቻ ይዞ አይሄድም። ሁለተኛው ዙር የፊታችን ማክሰኞ ነው።

አራተኛ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ግን ምስጋናው አለቀብኝ። ስለዚህ ያለ ቁጥር ልቀጥል።

ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር መስከረም የምትባል የሲሪንቃ ልጅ ነበረች። ሦስት ዙር ወስዳ አራተኛው ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ። ለአራት ወር ያህል መድኃኒት በሌለበት ቆየች፤ መንገዱ ሲከፈት እሷ አልነበረችም። እኛም ተበትነን ስለነበር ማናችንም አልተቀመጥንላትም። የጸጉር እድሩን ያቋቋምነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቢያንስ እንደ ጸጉር ተመልሶ ለሚበቅለው ነገር ተሰብስበን እናልቅስ ብለን። የመስከረምን መንገድ የዘጋው ጦርነት ነውና ማንን እንለምናለን? የሲራክን መንገድ የዘጋው ግን በኪስዎ ያለ ቁልፍ ነው።

ጋሽ ብርሃኑ የነገረኝን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን መርሳ በሙሉ የሚያውቀውን እኔ ብደብቀው ምን ይረባል። እናትዎ እማማ አስካለ ኅዳር ላይ ወልድያ ሲያርፉ፣ እርስዎ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ነበሩ። መርዶውን የሰሙት ጥር ላይ መናኸሪያ ውስጥ፣ የሰሙ መስሎት «ነፍስ ይማር» ካለዎት ሹፌር ነው አሉ። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ዘመድ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚነገር። እርስዎም ድንኳን ሳይጥሉ፣ ሰው ሳይቀመጥልዎ፣ በዚያው ቀን ቢሮ ገብተው ብርድ ልብስ ሲቆጥሩ ዋሉ። እንግዲህ ዓርብ ዕለት ካርቶኑ ላይ የፈሰሰው እንባ የማን እንደነበረ ያልገባው ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። የሳቅነው በጎፈሬው ነው፤ በእርስዎ የሳቀ የለም። እኔ በሰው መሳቅ እንጀራዬ ነው፤ ግን እኔ እንኳን አልሳቅኩም።

የእድር ሕግ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፦ ያለቀሰልህን ታለቅስለታለህ። እርስዎ የሲራክን ለቅሶ ደርሰዋል፤ ሲራክ የእናትዎን አልደረሰም። ይህንን ትናንት በስልክ ነገርኩት። «ነውር ነው፤ እውነትሽን ነው። መድረስ አለብኝ» አለ። ቀጥሎም፣ «ግን ሳይጠሩኝ እንዴት እመጣለሁ?» አለ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ነገ ለአባቱ ይደውሉ፤ ስልክ ቁጥራቸው መዝገብዎ ላይ አለ። ሰኞ ከምሳ በኋላ ክፍሉን ይክፈቱና ወንበሮቹን ያውጡልን። እኛ መሬት እንቀመጣለን፤ ለእማማ አስካለ በወጉ እንቀመጣለን፤ ቀልድ የለም፣ ካርቶን የለም። እማማ የሻረግ ንፍሮውን እንደሚጥዱ ቃል ገብተዋል፤ ከጣዱ በኋላ እንደማይጸጸቱም ምያለሁ። ስለ እናትዎ ጥቂት ይንገሩኝ፤ ግጥሙን እኔ እሠራለሁ። ማክሰኞ ከንጋቱ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲራክ መኪናው ላይ ይወጣል። ማኅተሙን የፈለጉበት ላይ ይምቱት።

በፈቃድዎ የምስቅ፣ ያለ ፈቃድዎ የማስለቅስ፣ ጫማዎ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ ቁልፉን ከኪስዎ በዓይኔ የምፈልግ፣

ታዛዥዎ አልጋ ቁጥር ዘጠኝ፣
ቡርቱካን

ግልባጭ፦
ለሲስተር ደብሪቱ (ይህን ጻፊ እንዳላለችኝ እንዲታወቅላት)
ለጋሽ ብርሃኑ (ደብዳቤውን እንዳይገነጥል)
ለሲራክ፣ ግራና

ማስታወሻ፦ እስካሁን ለጎፈሬ፣ ለቅንድብ፣ ለሽፋሽፍትም ሳይቀር ግጥም አጥቼ አላውቅም። ማክሰኞ መኪናው ያለ ሲራክ ከሄደ በኋላ ለሚመጣው ለቅሶ ግን ግጥም የለኝም፤ አስለቃሽ በጨረታ ያስመጡ።