የአባባ ፎቶ ያለ ፍላሽ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ። ምሽት 3፡30

አሥራ አራት ጉርድ ፎቶ። ሁሉም ለመታወቂያ። አንዷ ጥርሴ አይታይ ብላ አምስት ጊዜ አስነሣችኝ። መብራት ሁለቴ ሄደ። ደብተሬ፣ ድክም ብሎኛል፤ ግን ዛሬን ሳልጽፍ አልተኛም።

ሶፊ ከኩዌት ደወለች። ታናሼ ከሄደች ስድስት ዓመቷ። አባባን ሳላያቸው ሊሞቱብኝ ነው ትላለች። ዓይናቸውን ከተሠሩ ወዲህ ከስተዋል ብሎ የነገራት ሰይድ ነው። የዚህ ወንድማችን አፍ መቼም አያርፍ። የሶፊ ሐሳብ ይህ ነው፦ የአባባን ጥሩ ፎቶ ካገኘች ኮንትራቷ እስኪያልቅ ሰባት ወር ትታገሣለች። ካላገኘች ሁሉን ጥላ ትመጣለች። ጥላ ከወጣች ደግሞ መመለስ የለም። በአንቺ ቃል ነው የምወስነው አለችኝ። እኔው ላይ ጣለችው።

አባባ ከመታወቂያቸው በቀር ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። ማታውን ለመንኋቸው። እሺ አሉ፤ ግን በሦስት ነገር። እዚያው ልጆችን ቁርኣን በሚያስቀሩበት ቦታ። እያስቀሩ እንጂ ለታይታ ተቀምጠው አይደለም። ፍላሽ የለም፤ ከሕክምናው ወዲህ ብልጭታ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል።

የሚያስቀሩበት ቤት መስኮቱ አንድ ነው፤ እሱም መዳፍ የምታህል። እሺ አልሁ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ። ከመግሪብ በፊት

ትልቁን ሌንስ ከጨርቁ አወጣሁት። ቤይሩት የሠራሁበት ቤት ባለቤት ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም ለእኔ ሰጡኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል። የተሠራው ለፊልም ካሜራ ነው። ከአሁኗ ዲጂታል ካሜራዬ ጋር እንዲገጥም ደሴ ያለ የቶርኖ ባለሙያ የብረት ቀለበት ቆረጠልኝ። ሦስት አበላሽቶ በአራተኛው ልክ መጣ። ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው 0.95 ነው፤ በጣም ሰፊ። ሌላው ሌንስ ጥቁር በሚያሳይበት ጨለማ ይሄ ሰው ያሳያል። ጣጣው ሌላ ነው፦ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ጥርት የሚለው ሁለት ጣት የምታህል ስፋት ብቻ ናት። ዓይን ከጠራ ጆሮ ይደበዝዛል። ፎከሱንም በእጅ ነው የማዞረው።

የዐስር ሶላት ተሰግዶ ገባሁ። ተማሪዎቻቸው፣ ደረሶቹ፣ የእንጨት ሉሃቸውን ይዘው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አባባ ሲያዩኝ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ እንደ እንግዳ። አሳዘኑኝ። ዓይናቸው ላይ ፎከሴን አደላድዬ ይጀምሩ አልኋቸው። ጀመሩ። ደረሶቹ ተከተሉ። ቤቱ በድምፅ ሞላ። እኔም እየደጋገምሁ ተጫንሁ፤ ሠላሳ ስድስት።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

የካሜራዬ ማጉያ ቁልፍ ከተበላሸ ከርሟል፤ ፎቶውን አስጠግቶ ማየት አይቻልም። ማተሚያዬም ከጉርድ አያልፍም። በጉርድ አተምሁት። ጥርት ያለ! እሰይ!

ስክሪኗ ወደተሰነጣጠቀ ስልኬ አዛውሬ፣ ሳላጎላ ለሶፊ ላክሁ። ኔትወርክ ፍለጋ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ዳገት ላይ አንድ ሰዓት ቆሜ ነው የሄደልኝ። ወዲያው ደወለች። ታለቅሳለች። ዓይናቸው እኮ ያየኛል ትላለች። ጥሩ ነው ወይ አለች፤ ሲያጎሉትም ጥሩ ነው ወይ። ጥሩ ነው አልኋት። ወላሂ ብዬ። ትቆያለች።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ። ደሴ

ምን ነካኝ። ምን ነካኝ!

ለግድግዳ የሚሆን ትልቅ ላሳትም መጥቼ ነው። አታሚው በኮምፒውተሩ ከፈተው። ጆሮአቸው ጥርት ብሏል፤ ጥምጣማቸው ከኋላ በኩል ክሩ ይቆጠራል። ዓይናቸው የለም። ውኃ ውስጥ እንደወደቀ ሳንቲም። ሌላውን ክፈት አልሁት። ሌላውን። ሠላሳ ስድስቱም ያው። አታሚው በትንሹ ካተምሽው አይታወቅም አለኝ፤ ሊያጽናናኝ። ልጠልዘው ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። ቁርኣን የሚቀራ ሰው ይወዛወዛል። ወደፊት፣ ወደኋላ። እኔ የለካሁት ለእኔ ብለው ቀጥ ብለው በተቀመጡበት ነው። ሲጀምሩ አንድ ስንዝር ወደፊት መጡ፤ ጥራቱ ጆሮአቸው ላይ ቀረ። አገሩን የማያውቅ ቢሳሳት እሺ። እኔ? እዚያው ቤት ሉህ ይዤ ስወዛወዝ ያደግሁት እኔ?

ለሶፊ አልነግራትም። ድጋሚ አነሣቸውና እተካዋለሁ። ማን ያውቃል።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

አባባን ድጋሚ ላንሣዎት ብዬ ጠየቅኋቸው። የፊተኛው ምን ሆነ አሉ። ምንም፣ እንዲሁ ሌላ ልጨምር ብዬ ነው አልሁ። ለእሳቸውም ዋሸሁ። ደረሶቹ ለአጨዳ ወደየቤታቸው ሄደዋል፣ ሲመለሱ አሉኝ። እያስቀራሁ ብያለሁ፣ ቃል ቃል ነው። እውነቱን ብነግራቸው ለሶፊ ሲሉ ብቻቸውንም ይቀመጡልኝ ነበር። አውቃለሁ። አፈርሁ። ሙያ አውቃለሁ የሚል እጄን ማዋረድ አቃተኝ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ሰይድን አስቀምጬ አወዛወዝሁት። በዚህ ዕድሜዬ አሊፍ ልታስጀምሪኝ ነው ወይ እያለ ያሾፋል። ግን አገኘሁት ደብተሬ! ሰው ሲወዛወዝ ወደፊት መጥቶ ከመመለሱ በፊት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይቆማል። ፎከሱን እዚያ ጫፍ ላይ አድርጎ መጠበቅ ነው። ከአሥሩ አምስቱ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ወጣ። እልል ማለት ቀረኝ።

ማታ ሶፊ ደወለች። አባባ እንዴት ናቸው አለች። ደህና፣ አብሽሪ። ፎቷቸውን የስልኬ ፊት ላይ አደረግሁት አለች። ደረሶቹ ይምጡ ብቻ፣ ያ ረቢ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

አራት ደረሶች ተመልሰዋል። ጠዋት አባባ ራሳቸው አስጠሩኝ፤ ያን ዕቃሽን አምጪው አሉ። ስገባ ግን እንደተኙ ናቸው። ሊነሡ ሞከሩ፤ አቃታቸው። ግንባራቸው እሳት። በሰይድና በጎረቤት ትከሻ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ሳንባ ነው አሉ። መርፌ ወጉ። ደረሶቹ ደጅ ቁጭ ብለው ጠበቁን፤ ሂዱ የሚላቸው ጠፋ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

አልተሻላቸውም። አሏህ ያሽራቸው። ለሶፊ ነገርኋት። አሠሪዎቿን ለምና እሺ አስብላለች፤ ወረቀቱ ግን አሥር ቀን ይፈጃል ተብላለች። ደግነቱ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው አለችኝ። እንደዚህ ነው ያለችው።

ሰይድ እንደተኙ አንሻቸው ይለኛል፤ ከዚህ ወዲያ ዕድል የለም። በሩ ተከፍቶ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ነበር። ካሜራውን አወጣሁ። አባባ አዩኝና ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው አዞሩ። መልሼ ጠቀለልሁት። ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ከፈጅር በኋላ ሄዱ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ለዙህር ቀበርናቸው። ሶፊ ወረቀቷ አልደረሰም። ስልክ ላይ ጮኸች፤ ሰይድ ነው የያዘው፤ እኔ አልቻልሁም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 10፡00

ሶፊ ደወለች። ኩዌት ያሉ ያገር ልጆች ለቅሶ ሊደርሷት ሲመጡ የሚሰቀል ፎቶ ፈልጋ፣ ያንን አስጎልታዋለች።

አልጮኸችም። ብትሰድበኝ በወደድሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ መቼ ነው ያወቅሽው? መልስ ሳልሰጥ መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው፤ እሷ አይደለችም የዘጋችው። መልሳ ትደውላለች።

ደብተሬ፣ ወደኋላ ገለጥሁሽ። ያወቅሁት ጥቅምት 12። አባባ የወደቁት 25። አሥራ ሦስት ቀን። ወረቀቷ የሚፈጀው አሥር። ደርሳ፣ ሲያስቀሩ አይታ፣ እጃቸውን ስማ፣ ሦስት ቀን ይተርፋት ነበር። በጤናቸው።

ገና አሁን ካንቺ ሰማሁ ብላት ታምነኛለች። ሁልጊዜም ታምነኛለች። የደሴውን ቀን ከእኔና ከአታሚው በቀር የሚያውቅ አንቺ ነሽ፤ አንቺን መቅደድ ደግሞ ምን ይከብዳል። አስቤዋለሁ። ገጹን በጣቴ ይዤ ነበር። ጀሊሉ ያየኛል፤ ይዤው ነበር።

አልቀድሽም። ቀኑን እነግራታለሁ። ለምን እንደደበቅሁም። ከዚያ ወዲያ እህቴ ካልሆነች አትሁን።

ስልኩ ጠራ። እሷ ናት። ጥቅምት 12 ነው እላታለሁ፣ ደሴ ሆኜ ነው እላ