መካኒኩ ከኋላ ነው ብለኸኝ ነበር

ዳዊቴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፤ ከተቀየምኩህ ግን ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። ሙት ዓመትህን አውጥቼ፣ ጥቁሬን አውልቄ፣ ሰው ሁሉ በረታች ሲለኝ እንደ አዲስ ነደደኝ። የሞተ ባሏን የምትቆጣ ሴት ምን እንደምትባል አውቃለሁ። ግን ለማን ልንገረው? ያጠፋኸው አንተ ነህ፣ የምነግረውም ለአንተ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ማሂ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። በቁመት በልጣኛለች፤ እንግሊዝኛዋም፣ አትቀየመኝና፣ ከአንተ ከአስተማሪው ሳይሻል አይቀርም። የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አሁን ቀጥታ መስኮታችን ላይ ነው የሚያርፈው። የስፌት መኪናዬን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግቻታለሁ፤ አንተ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ጨርቅ ይከመርበታል። ውኃ አሁንም በሳምንት አንድ ቀን ናት። ከሄድክ በኋላ መጀመሪያ የመጣች ቀን፣ የትኛውን ቧንቧ ዘግቼ የትኛውን እንደምከፍት ጠፍቶኝ ታንከሩ ሳይሞላ ሄደች። ደጅ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለውኃው እንዳይመስልህ።

ቅዳሜ ከሰዓታችንን ታስታውሰዋለህ አይደል? አንተ ፍላሽህን ትሰካለህ፣ እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እቀመቅማለሁ። ያ ስለ ጠፈር መንኮራኩር የሚያወራው ተከታታይ ፊልም፤ ሰዎቹ ሌላ ምድር ፍለጋ የሚጓዙበት። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ምን ሊገባኝ፤ ዓይኔ መርፌው ላይ፣ ጆሮዬ አንተ ጋ። አንተ ትተረጉምልኛለህ። ሲስቁ ታስቀኛለህ፣ ሲጣሉ ታስታርቃቸዋለህ። ዓለም ጠፋች፣ ሰው ሰውን በላ የሚሉትን የሳይንስ ልብወለድ ፊልሞች አትወድም ነበር። ነገን የሚያሳየን ፊልም ነገን ካጨለመብን ተማሪዎቼ ለምን ብለው ያጠናሉ ትለኝ ነበር። እኔም እውነትህን ነው እልህ ነበር። አሁንም እውነትህን ነው፤ የእኔ ችግር ሌላ ነው።

ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ማሂ ፍላሽህን ከመሳቢያ አግኝታ ሰካችው። ደስ አለኝ፤ ድምፅህን የምሰማ መሰለኝ። የፊልሙ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የአደጋው ደወል ሲጮህ፣ አይዞሽ ልምምድ ነው አልኳት፤ አንተ እንደዚያ ነበራ ያልከኝ። ዞራ አየችኝ። ኧረ ልምምድ አይደለም እማዬ፣ የአየር ቧንቧው ፈንድቶ ነው አለችኝ።

ጉድ በል! የመንኮራኩሩ አዛዥ ሰዎቹን ሁሉ መመገቢያው አዳራሽ ሰብስቦ አየሩ እያለቀ መሆኑን ፊት ለፊት ነገራቸው። ሽማግሌው መካኒክ ቧንቧውን ሊበይድ መመለሻ ወደሌለው ክፍል ሊገባ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶታል። አንተ ደክሞት ወደ ሌላ መንኮራኩር ተዛወረ ነበር ያልከኝ። ሚስቱ ጮኸችበት፣ ሰደበችው፣ ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ የትኛው ቧንቧ የት እንደሚሄድ አስተማራት። ተነጫነጩ፣ ተሳሳቁ፣ ተሰነባበቱ። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከመስታወቱ ወዲህ ቆማ አየችው። ከዚያ በኋላ አየሩን ጠብቃ ሰዎቹን ያደረሰቻቸው እሷ ናት። ይህቺ ሴት ይህን ሁሉ መቼ ተማረችው ብዬ ጠይቄህ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ጎበዝ ናት አልከኝ። በቃ፣ ጎበዝ ናት።

መርፌውን አስቀመጥኩ። ያኔ ነው ሌላው ትርጉምህ የመጣብኝ፣ የሆስፒታሉ ወረቀት። እሱም በእንግሊዝኛ ነበር፤ እሱንም ያነበብክልኝ አንተ ነህ። መነጽርህን ወለወልክ፣ ጉሮሮህን ጠረግክ፣ ጨጓራ ነው፣ መድኃኒቱን ስጨርስ ይለቀኛል አልከኝ። አምስት ወር ተልባ አጠጣሁህ፣ በርበሬ ከለከልኩህ። ሐኪሙ እውነቱን፣ የማይድን በሽታ መሆኑን፣ የነገረኝ አንተ መናገር ካቃተህ በኋላ ነው። ባልሽ ከጀመረው ጊዜ አንስቶ ያውቅ ነበር፣ አልነገረሽም እንዴ ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ እንዳትጨነቂ ብሎ ነው አለኝ። እኔም አዎ፣ ለእኔ ብሎ ነው እያልኩ ሰበብ ስፈልግልህ ከረምኩ። ማሂ ያንን ክፍል እንዳለ ስትተረጉምልኝ ግን ሰበቡ አለቀብኝ።

ከዳኸኝ ዳዊቴ። ክፉ ክፉውን ቆርጬ ተስፋውን ላስቀርላት ብለህ ይሆናል። የቆረጥከው ግን ራሱን ተስፋውን ነው። ያ ፊልም ደስ የሚለው ቧንቧው ስላልፈነዳ መሰለህ? ሰዎቹ እውነቱን ሰምተው ምን እናድርግ ስላሉ ነው። ልጅ ነገን እንዲያምን ከፈለግክ ይህንን አሳየው እንጂ፣ ደወሉ ሲጮህ ልምምድ ነው አትበለው። ለዚያች ሴት አንድ ቀን ተሰጣት። እኔ አምስት ወር ነበረኝ፤ በተልባ ጨረስኩት። መጮህ አላውቅም? መሳደብስ? ከዚያ አጠገብህ መቀመጥ አልችልም ነበር? ይህን ያህል ናቅከኝ?

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ እኔ ከጤና ጣቢያ ወረቀት ይዤ መጣሁ። ሲደክመኝና ውኃ ሲጠማኝ ከርሜ ነው። ለማሂ ሰጠኋት። አነበበችው፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። ወይኔ ልጄ፣ ቁርጥ አባቷን! ምንም አይደለም እማዬ፣ ድካም ነው ማለት ስትጀምር እጇን ያዝኩና ከላይ ጀምራ እንዳለ እንድታነብልኝ ለመንኳት። ስኳር ነው። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ የምበላውንና የማልበላውን ጻፈችልኝ። እኔም ደጅ ይዣት ወጥቼ በስንት መከራ የለየኋቸውን የታንከሩን ቧንቧዎች አንድ በአንድ አሳየኋት። ነገ የምሞት ሆኜ አይደለም፤ ግን ትወቀው።

የመጨረሻውን ክፍል እሁድ ጨረስነው። አንተ ይህንን ስትተረጉምልኝ ሕመምህን ታውቅ ነበር፤ መለስ ብዬ ሳስበው ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ነው ያየነው። መንኮራኩሩ አዲሱ ምድር ላይ አርፎ ሴትየዋ ስትወርድ ከስፌቴ ቀና ብዬ፣ ብቻዋን ናት እንዴ አልኩህ። መነጽርህን ወለወልክ። ከዚያ፣ መካኒኩ ተመልሷል፣ ከኋላ ነው፣ ጓዟን ይዞላት እየመጣ ነው አልከኝ። እሁድ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ከኋላዋ ማንም የለም። ጓዟን የተሸከመችው ራሷ ናት።

ስለ ሌላው ሁሉ እንደተቀየምኩህ ነኝ፤ መቼ እንደሚለቀኝም አላውቅም። አልረሳህም። ሳላሳምርህ፣ እንዳለህ፣ ከነውሸትህ አስታውስሃለሁ። የመጨረሻዋን ውሸትህን ግን ለማሂ አልነገርኳትም። ያቺን ውሸት ለእኔ ብቻ ብለህ እንዳልተናገርካት አሁን ገብቶኛል፤ መመለስ አምሮህ ነበር። ጨርቅ ገዝቼ ሰፈራችን ሸጎሌ ላይ ከታክሲ ስወርድ፣ ጥቅሉን እንዳቀፍኩ፣ አንዳንዴ ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አያለሁ።